ጋሼ ይመር «በልተሻል?» ያሉኝ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ያለቀስኩበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትም የለም። ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ስገባ ዛሬም «ባቡሯ መጣች» ብለው የሚሳሳቁ ሰዎች አሉ። ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር በጣም ተጣሟል። አንዷማ እውነተኛ ባቡር ገልብጣለች ብላ አውርታለች። ስለዚህ እውነቱን ከራሴ ስሙት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሰናይት እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቤታቸው የሚኖሩ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። ያኔም አሁንም የምንከባከበው ሚስተር ዋልተር የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት አሜሪካዊ ነው። እሱ እያልኩ ልቀጥል ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ የምንከባከባቸው ልበል።

ሚስተር ዋልተር የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ሩቅ ነው፣ የቀራቸው ባቡር ነው። ጋራዣቸው ውስጥ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ተራራ፣ ወንዝ፣ ጣቢያና ሙሉ ከተማ ሠርተዋል። በመሃሉ ክንድ የማይሞላ ባቡር እያፏጨ ይዞራል። የከተማው ሰዎች ሩዝ ያካክላሉ። ወንዙ ላይ ደግሞ ስቴኪኒ ከሚያካክሉ እንጨቶች የተሠራ ድልድይ አለ። እሱን ብቻ ለመጨረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ሥራ የጀመርኩ ቀን «መድኃኒቴን ብትረሺ ይቅር እልሻለሁ፤ ድልድዩን ብትነኪ ግን ይቅርታ የለም» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

እንደ እሳቸው ያሉ ባለ ትንንሽ ባቡሮች በዓመት አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ተሰብስበው ሥራቸውን ያሳያሉ። ባለፈው ዓመት ያሳዩት ዳውንታውን አካባቢ ባለ ትልቅ አዳራሽ ነበር። «ለመጫወቻ ባቡር ብሎ ማን ፓርኪንግ ይፈልጋል?» ብዬ አብራኝ ለምትኖረው ለሙሉ ነግሬያት ነበር። ሙሉ ፌርፋክስ ላይ የሀበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ጠዋት ከሚስተር ዋልተር ጋር ስንደርስ ግን ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ነበር።

ውስጡን ብታዩት ጉድ ነው። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ሽማግሌዎች የባቡር ነጂ ኮፍያ ደፍተው፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አንጠልጥለው ይሯሯጣሉ። በድምፅ ማጉያ «ወደ ተራራው የሚሄደው ባቡር አራት ደቂቃ ዘግይቷል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይባላል። ማን ሊሳፈርበት እንደሆነ እንጃ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች የአንዲት ፉርጎ ቀለም ቡናማ ነው፣ አይ ቀይ ነው ተባብለው ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ምሳ ላይ እንኳን ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የበሉት።

ሚስተር ዋልተር ከሁሉም ብሰዋል። እሁድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ዳኞች መጥተው ጠረጴዛቸውን ሊያዩላቸው ነበር። ለብዙ ዓመት ሲጠብቁት የነበረ ነገር ስለሆነ ቅዳሜ ዕለት ውኃ እንኳ አልጠጡልኝም።

እኔ ግን አካሌ ነው እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። አባቴ ዓርብ ዕለት ደሴ ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ሕመሙ ሐሞት ነው፤ ግን ልቡም ደከም ያለ ስለሆነ ሐኪሞቹ ራሳቸው ፈርተው ነበር። ቅዳሜ ከሥራ በፊት ለወንድሜ ለጌትነት ደወልኩ።

«ደህና ነው» አለኝ።

«አገናኘኝ።»

«ተኝቷል።»

«ቀስቅሰው፤ ድምፁን ብቻ ልስማ።»

«ሐኪሙ አትቀስቅሱት ብሏል። ደህና ነው አልኩሽ እኮ!»

«ደህና ነው፣ ተኝቷል» ማለት ለውጭ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ በአካል ተመጥቶ ነው የሚነገረው። ያ እስኪሆን ድረስ የሞተ ሰው ሁሉ ተኝቷል ነው የሚባለው። አጎቴ ከሞተ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ተኝቶ ነበር።

በእኛ ሰፈር ደግሞ ይህን ሥራ የያዙት ጋሼ ይመር ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው። ግን ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ አነጋገራቸው የተመጠነ ስለሆነ ሰው ሁሉ መርዶ ሲኖር እሳቸውን ይጠራል። ሥርዓታቸውን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። መጀመሪያ ሰላም ይላሉ። ቀጥሎ ቁጭ ያደርጋሉ። ከዚያ «በልተሻል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መርዶ የሰማ ሰው ቶሎ እህል ስለማይቀምስ አስቀድሞ ሆዱ እንዲይዝ ነው። ይህችን ጥያቄ ከአፋቸው የሰማ ሰው የቀረውን አይጠብቅም፤ ይጮሃል።

ስለዚህ ጋሼ ይመር ምግብ ቤት ሲገቡ ሰው የጎረሰውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይቀራል። ወደ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚሄዱ ሳይታወቅ የሚውጥ የለም። ሰውየው እኮ ምሳቸውን ሊበሉ ነው የመጡት።

እሁድ ጠዋት እንቅልፍ ባላየ ዓይኔ ተነስቼ ሥራ ገባሁ። አዳራሹ ከደረስኩ በኋላ ነው ስልኬን ቤት ቻርጅ ላይ ትቼው መምጣቴን ያወቅሁት። በቃሌ የማውቀው ቁጥር የራሴ ብቻ ነው። በሚስተር ዋልተር ስልክ ለራሴ ደወልኩ፤ ማንም አላነሳም። ሙሉ ኋላ «የማላውቀው ቁጥር ነው፤ ስካም መስሎኝ» አለችኝ።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከቅዳሜው የባሰ ሰው ነበር። ሚስተር ዋልተር ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ለዳኞቹ የሚሉትን ይለማመዳሉ። እኔ በዚህ በኩል ሕፃናት ድልድዩን እንዳይነኩ እጠብቃለሁ። ቀና ስል በሕፃናት ጋሪና በፊኛ መካከል ጥቁር የለበሱ ሦስት ሰዎች ሲመጡ አየሁ።

ከፊት ጋሼ ይመር ናቸው፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት የጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ፣ ከእሳቸው ቀጥላ ሙሉ፤ እሷም ጥቁር በጥቁር።

«ወደ ሌላ ሰው ነው የሚሄዱት» አልኩ ለራሴ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሀበሻ ፈለግሁ። ኮፍያ የደፋ አንድ ሽማግሌ ፉርጎ ሲወለውል አየሁ እንጂ ሀበሻ የሚባል አልነበረም።

«ሰናይት ልጄ፣ እንደምን አደርሽ?» አሉኝ ጋሼ ይመር፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ።»

«ይመስገን። እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ወንበር አልነበረም። ፈልገው ፈልገው ሕፃናት ባቡሩን እንዲያዩ የሚቆሙባትን ትንሽ በርጩማ አመጡልኝ። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። እትዬ ጥሩዬ ትከሻዬን ያዙኝ። ጋሼ ይመር ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩኝ።

«በልተሻል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያወቅሁት ሰው ነግሮኝ ነው። ሁለት እጄን አናቴ ላይ አድርጌ እንደተነሳሁና አዳራሹ በሙሉ እስኪሰማ እንደጮህኩ ይናገራሉ። ከዚያ በሙሉ ክብደቴ ጠረጴዛው ላይ ወደቅሁ። የስቴኪኒው ድልድይ ደረቴ ሥር ሲንኮታኮት ተሰምቶኛል። ባቡሩ ደግሞ ሰዓቱን አክብሮ ከዋሻው ወጣ፤ ድልድዩን ሲያጣ ከነፉርጎዎቹ ወደ መሬት ወረደ።

እኔ ምን አውቄ። «አባዬ! ካፖርትህን ቀድደህ ያለበስከኝ አባቴ! አንተ በርዶህ እኔን ያሞቅከኝ! አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግንህ! ደስ ብሎኛል ሳልልህ!» እያልኩ ተራራው ላይ ተንከባለልኩ። የጥድ ዛፎቹ ፀጉሬ ላይ ተሰኩ።

አሁን ልብ በሉ፤ አባቴ አልሞተም። እኔ ከቤት ስወጣ እሱ ነቅቶ ሾርባ ጠጥቶ «ልጄን አገናኙኝ» ብሎ ደውሎ ነበር። ጋሼ ይመር ሁለቱን ሴቶች ዌስት አዳምስ የሚባል ሰፈር የሌላ ሰው ለቅሶ ሊያደርሱ እኛ ቤት መጥተው ነበርና፣ ሙሉ ስትለባብስ ቤት የረሳሁትን ስልኬን ያነሱት እሳቸው ናቸው። «ይህ የምሥራች አይዘገይም፤ መጀመሪያ ለልጅቷ እናድርስላት» ብለው ሴቶቹን በመኪና ጭነው መጡ። ቁጭ በይና በልተሻል ያሉኝስ ለምን ነበር? ኋላ ስጠይቃቸው «ደስታም እኮ በባዶ ሆድ ልብ ያቆማል» አሉኝ። ለሃያ ዓመት መርዶ የተናገሩ ሰው የምሥራች አነጋገር ከየት ያምጡ?

ታዲያ እኔ ስጮህ እትዬ ጥሩዬ ተደናገጡ። አባቴን በስልክ ያነጋገሩት ጋሼ ይመር ብቻ ናቸው። «ለካ እኛንም ሸውደውን ነው፤ ለካ ሞቷል!» ብለው አሰቡና ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሙሉም «ጋሼ፣ ኦኬ ነው አላሉኝም ነበር እንዴ!» ብላ እዬዬዋን ለቀቀችው።

ጋሼ ይመር በበኩላቸው ሦስት ሴት ሲያለቅስ አዩ። ግማሽ ሰዓት ሲነዱ ነው የቆዩት። «እኔ መሪ ይዤ ሳለሁ ሌላ ወሬ ደርሷቸው ነው፤ ሰው በግማሽ ሰዓት ይሞታል» ብለው ኮፍያቸውን አወለቁና ፊታቸውን ሸፍነው ይንሰቀሰቁ ጀመር። ማንም ሳይሞት አራት ሰው ለቅሶ ተቀመጠ።

አሜሪካኖቹ የሚያዩት ምን እንደሆነ ገምቱት። ባቡር ወድቋል፣ ድልድይ ተሰብሯል፣ ጥቁር የለበሱ ሦስት ሰዎችና እኔ ፍርስራሹ ላይ እናለቅሳለን። መጀመሪያ አንድ ባለ ጢም ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። በቡናማና በቀይ የተኮራረፉት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በአዳራሹ ያለው ባቡር ሁሉ አንድ በአንድ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ሶፍት አመጣችልኝ።

ሚስተር ዋልተር ወንበራቸውን እየገፉ መጡ። በቃ፣ ሥራዬም ከአባቴ ጋር ሄደ አልኩ። እሳቸው ግን የድልድዩን ስብርባሪ አንድ ጊዜ አይተው እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አይዞሽ ሰኒ፤ ባቡር ብቻ እኮ ነው፤ ባቡር ይጠገናል» አሉኝ። ይህን ስሰማ የባሰ አለቀስኩ።

በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «በተራራው መስመር ላይ ከባድ አደጋ ደርሷል» አለ። «ለአንድ ደቂቃ ጸጥ እንበል።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። ሕፃናቱ እንኳ ዝም አሉ።

በዚያ ጸጥታ መሃል ከጋሼ ይመር ደረት ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«ማነው የሞተው?»

እትዬ ጥሩዬ «በስመ አብ!» ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ጋሼ ይመር ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱት።

«ሰናይት! ማነው የሞተው?» አለ ደረታቸው እንደገና።

ለካ በሩ ላይ ሲደርሱ በእኔ ስልክ በቪዲዮ ወደ ደሴ ደውለው፣ እስኪነሳ ብለው የኮታቸው የደረት ኪስ ውስጥ ከትተውት ኖሯል። ስልኩ ግማሹ ከኪሱ ብቅ ብሏል። በዚያው በኩል አባቴ ከሐኪም ቤት አልጋው ላይ ሆኖ ለቅሶውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትሏል፤ «አባዬ» ስል ግን እሱን የጠራሁት እንጂ ለእሱ ያለቀስኩ አልመሰለውም።

ስልኩን ነጠቅኋቸው። አባቴ ነው። ፊቱ ከስቷል፣ እጁ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል፣ እንባው ግን ይወርዳል። «ደብቃችሁኝ ነው አይደል?» ይላል፤ ዞር እያለ ጌትነትን ይቆጣል። «ተናገሩ! ማነው የሞተብን?»

«አንተ ነህ!» አልኩት።

«እኔ?» አለ። ትንሽ አሰበ። «ማን ነገረሽ?»

ምን ብዬ ልመልስለት? ጋሼ ይመር ናቸው እንዳልል ምንም አላሉኝም፤ የጠየቁኝ መብላቴን ብቻ ነው። እዚያው ተሰባብሮ የቀረው ጣቢያ ላይ ተቀምጬ ሳቄ መጣ። ለቅሶው አልቆመም፣ ሳቁም አልቆመም። ሙሉ ስልኩን ተቀብላኝ አየችውና እሷም እንደ እኔ ሆነች። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን ይድፉት አይድፉት ግራ ገባቸው።

ዳኞቹ አምስት ሰዓት ላይ መጡ። ተራራው ላይ የእኔ ቅርጽ ቀርቶ ነበር። የሆነ ነገር ጻፉና ሄዱ።

ወደ ቤት ስመልሳቸው ለሚስተር ዋልተር እውነቱን በመኪና ውስጥ ነገርኳቸው። ለባቡሩ ያለቀስኩ መስሏቸው እንዲኖሩ ብተዋቸው ይሻለኝ ነበር፤ ግን ውሸቱ ከበደኝ።

«ሰውየው በልተሻል ወይ ብቻ ነው ያሉሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ በየቀኑ እጠይቅሻለሁ።»

«እርስዎ ሲጠይቁኝ ሌላ ነው።»

«ካሁን በኋላ አልጠይቅሽም» አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ወዲያው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ይስቁ ነበር። እሳቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ድልድዩን አብረን ነው መልሰን የሠራነው። አራት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ እሳቸው እየተቆጡኝ እንጨት ስለጥፍ ከረምኩ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ራሱ ደወለ። በዚያ ዓይነት ሰዓት ብቻውን ደውሎልኝ አያውቅም።

«ያ ልብስ ትዝ ይልሻል እንዴ?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የደሴ ብርድ እንዳይጎዳኝ የራሱን ልብስ ቆርጦ ሰፍቶልኛል። ሌላ አልነበረውም፤ ያን ክረምት በሸሚዝ ነው ያሳለፈው። እኔ ግን ጓደኞቼ የወንድ ልብስ ለብሳለች ብለው እንዳይስቁብኝ ትምህርት ቤት አጠገብ ስደርስ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከተው ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አባቴና እኔ እንዲህ ያለ ነገር አንነጋገርም፤ ስለ አየርና ስለ ጤና ተነጋግረን ነው የምንዘጋው።

«ትዝ ይለኛል» አልኩት።

«ጥግ ላይ ቆመሽ ስታወልቂው አይቼሽ ነበር» አለኝ። «አንድ ቀን ምሳሽን ረስተሽ ላደርስልሽ ስከተልሽ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እስከ ትናንት ድረስ እንዳፈርሽብኝ ነበር የማውቀው።»

«አፍሬ ነበር አባዬ። ማፈሬ ነው ስንት ዓመት ሲያሳፍረኝ የኖረው።»

ከወዲያ በኩል አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። ከዚያ ድምፁን አስተካከለ።

«ግን ካፖርት ነው ያልሽው» አለኝ። «ካፖርት አልነበረም፤ ኮት ነው። ካፖርት ቢሆንማ ጨርቁ ለጌትነትም ይበቃ ነበር። በሰው ፊት እንዲህ ያለ ስህተት አይባልም። ቀኑ ሲደርስ አስተካክለሽ አልቅሺ።»

«እሺ አባዬ። ኮት።»

«በይ ልተኛ ነው። በልተሻል?»

ልቤ አንዴ ዘለለች፤ ልማድ ነው። አልበላሁም አልኩት። ሂጂና ብዪ ብሎኝ ዘጋው።

ይኸው ዓመት አለፈው። አባቴ ደህና ነው፤ ይህን የምላችሁ እንደ ወንድሜ አይደለም፤ ዛሬም አነጋግሬዋለሁ። ጋሼ ይመር አሁን ስልክ ሲደውሉልኝ ከሰላምታ በፊት «ማንም አልሞተም» ነው የሚሉት። ባቡሯ መጣች የሚሉኝም ይበሉኝ፤ ያፈርኩትን ያህል አፍሬያለሁ። ሰው ለአባቱ አልቅሶ የሚለውን አባትየው አይሰማውም። የእኔ አባት ግን ቁጭ ብሎ ሰምቶ የተሳሳትኩትን አርሞልኛል። የእውነቱ ለቅሶ ቀን ይቆይልኝ እንጂ ቃሉን በትክክል ይዤዋለሁ።